ቀይ የሌለው ፋይል

ሪየካ፣ ወደቡ ላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ቢሮ፤
መርከብ ይነደፋል እዚያ፣ ከአያት ዘመን ጀምሮ።
ከመስኮቱ ማዶ ክሬኖች፣ አንገታቸውን አርዝመው፣
ያላለቀ ብረት ላይ እንደ ጎረቤት አጎንብሰው።

የገባሁ ሰኞ ዕለት ኦርሳት ጠጋ ብሎ
ፍላሽ ሰጠኝ፣ ታናሽ፣ በክር ተንጠልጥሎ፦
«ደንባችን ይኼ ነው፤ ጭነሽ ሥራ ጀምሪ፤
የራስሽን ምርጫ ለራስሽ ቤት ሥሪ።»

ጫንሁት። ስክሪኔ ጨለመ፣ መልሶም በራ፤
የማውቀው ቁልፍ ሁሉ ጠፍቷል ከወደ ግራ።
መቁረጫው በቀኝ፣ ማጠፊያው በቀኝ ዳር፣
ክብ መሥሪያው ርቆ ከቁጥሮቹ ጋር፤
ጣቴ እንደ መንገደኛ፣ መሽቶበት በሰው አገር፣
የማያውቀውን በር ሲነካካ ነበር።

መስመሩ ግን ያምራል፦ ወፍራሙ ለመርከቧ ገላ፣ ቀጭኑ ለልኬቷ፣
ቁርጥርጥ የሚለው ከብረት ኋላ ላለው፣ ለማይታይ አንጀቷ።
ፊደሉስ ለምንድን ነው እንዲህ ያለቅጥ የገዘፈው?
ጥያቄዬን ከአፌ ነጥቆ ኦርሳት መለሰው፦
«ከታች፣ ታንኩ ሆድ ውስጥ፣ በባትሪ ነው የሚያነቡት፣
ግራሶ በነካው ጣት ወረቀቱን እየዳበሱት።»

ሌየሮቹም ስም አላቸው፤ «ውሃ የሚሄድበት»፣ «ሰው የሚያጎነብስበት»፣
አንዱ ደግሞ ማተሚያው የማያየው፣ «ለእኛ ብቻ» የተባለበት።
እሱ ውስጥ ገብቼ ሳነብ፣ ሞልቷል ማስታወሻ፦
«በያጁ ረጅም ነው፤ ተዉለት መንቀሳቀሻ።»

ሰማያዊ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ነጭ አለ፤
ቀይ የሚባል ቀለም ከዝርዝሩ የለ።
የእሳት ማጥፊያው ቧንቧ እንኳ፣ ቀይ መሆን የሚገባው፣
ሰማያዊ ለብሶ አየሁት፤ ማን ይሆን ያጠበው?
ማንንም ሳላማክር ቀዩን ቀይ አደረግሁት፤
«የተስተካከለ» ብዬ ለሁሉም ላክሁት።

አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ስድስት ወንበር ዞረ፤
የማውዙ ኮሽታ እንኳ ጸጥ ብሎ ቀረ።
ኦርሳት መስኮቱን ዘጋ። ቡራ የሚሉት ነፋስ
ከተራራ ወርዶ ነበር ወረቀቱን ሲያምስ።

«ኔቬንካን አታውቂያትም፤ አምና ጡረታ ወጣች፤ ግራኝ ነበረች፤
ማውዙን በግራዋ ይዛ፣ ቁልፉን በቀኝ ስታዝዝ ኖረች።»
«ቀዩስ?» አልሁት።
«ቀዩማ የቪንኮ ነው። ያ ባዶው ወንበር።
ቀይና አረንጓዴ ለዓይኑ አንድ ነበር፤
ሃያ ዓመት ሠርቷል ለማንም ሳይናገር፣
ለአለቃ፣ ለጓደኛ፣ ለሐኪም። የደረሰችበት እሷ ብቻ ነች፤
አንድ ቀን ገበያ ላይ ጥሬ ቲማቲም መርጦ ሲገዛ አየች።
ምንም አላለችው። ሰው ሁሉ ሲወጣ ማታ፣
ጣለችው ቀዩን ከፋይሉ ውስጥ አውጥታ፤
ጠዋት ለሁላችን ላከች፣ ‹አዲስ ደንብ› ብላ በአንድ መስመር፤
እኛ ስናጉረመርም ቪንኮ አቀርቅሮ ይሠራ ነበር።»

«አሁንስ የት ነው ቪንኮ?»
«ሰባት ዓመት ሆነው ኮዛላ መቃብር ከተኛ፤
ቀዩን መመለስ ግን አልቻልንም እኛ።»

መለስሁት እንደ ነበር። አቋራጬን ግን፣ የግራዬን፣
በሌላ ፋይል አኖርሁ፣ ለብቻዬ የብቻዬን።
«ለእኛ ብቻ» በሚለው ሌየር፣ ከበያጁ ቁመት ሥር፣
«ከመቀየራችሁ በፊት ጠይቁ» ብዬ ጻፍሁ። ምክንያቱን አልጻፍሁም፤ የሰው ምሥጢር
የፋይል ሲሳይ አይሆንም።

በጥቅምት አንኮና ያለ የጀልባ ቢሮ ቅንብራችንን ለመነ፤
ሰጠነው፤ የስድስት ወንበር ደንብ የአሥራ ሰባት ሆነ።
በሳምንቱ መልስ መጣ፤ ጥያቄው አጭር ነበረ፦
«ቀይ የለም። ስህተት ነው፣ ወይስ ሆን ተብሎ ተሰወረ?»

ቡራው መስኮቱን መታ። ባዶውን ወንበር አየሁት።
«ስህተት አይደለም፤ ይቆይ» ብዬ ጻፍሁና ላክሁት።